ጉልበትህ ሳይድን ና

ሆሳዕና፣ መስከረም አጋማሽ

ውድ ወንድሜ ሆሴዕ፣

ስልክህን ዘግተህ ደብዳቤ ጸሐፊ አደረግከኝ፤ ተባረክ። ደወልኩ፣ ዝግ ነው። በቴሌግራም ጻፍኩ፣ አላየኸውም። ሾኔ፣ ያረፍክበት አጎታችን ለማ ቤት ስደውል «ሜዳ ወጥቷል» ይሉኛል። ጠዋትም ሜዳ፣ ማታም ሜዳ፣ ዶፍ ሲወርድም ሜዳ። ሾኔ ጣሪያ ያለው ሜዳ ተሠራላት እንዴ? አጎታችን ደግሞ መዋሸት አይችሉበትም፤ ትናንት «የለም» ሲሉኝ ከኋላቸው ስታስል ሰማሁህ። ያቺን ሳልህን የትም ብሰማት አልስታትም።

ስለዚህ ይህን ወረቀት ለወልደሰንበት እሰጠዋለሁ። የሾኔን መስመር የሚሠራው፣ የሚኒባሱ የኋላ መስታወት ላይ ያንተን ፎቶ የለጠፈው ሾፌር። «በእጁ ካልሆነ ለማንም እንዳትሰጥ» ብዬ ቃል አስገብቼዋለሁ። «ተናዳ ነው የጻፈችው» እንደምትል አውቃለሁ። አዎ፣ ተናድጃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብበው። መሃሉን ዘለህ መጨረሻውን ብቻ እንዳታይ፤ መሃሉ ላይ እማ አለች።

ከግንቦት ልጀምር። የምታውቀውን ነው የምነግርህ፣ ግን እኔ ከነበርኩበት ሆኜ ምን እንዳየሁ አታውቅም። የዚያን ቀን ኳሷን በጭንቅላት ልታወጣ ዘለህ ስትወድቅ እኔ አላየሁህም። የመስመር ዳኛውን እየሰደብኩ ነበር። ስታዲየሙ ድንገት ጸጥ ሲል የኔ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ሰዉ ዞሮ ሲያየኝ ነው ወደ ሜዳው የተመለከትኩት። ወጌሻው ስፕሬዩን መሬት ጥሎ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ነበር። ወጌሻ ስፕሬዩን ከጣለ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ማንኛውም ደጋፊ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ፣ አጥሩን እንዴት እንደዘለልኩ፣ አላስታውስም። ጫማዬ የቀረው እዚያ ነው።

ጅማቱ ተበጥሷል ተባለ። ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ተደረገልህ። ሐኪሙ «እስከ ጥር ድረስ ኳስ በዓይንህ ብቻ ነው» ሲልህ አንተ ሳቅህ፣ እኔ አልሳቅኩም። እማ ደግሞ ቤት ከገባህ ቀን ጀምሮ ጾም ያዘች። ቀን ቀን ምንም አትቀምስም፤ ማታ ላይ ሁለት ጉርሻ ትጎርስና «ጠገብኩ» ትላለች። አንተ ሶፋው ላይ እግርህን ሰቅለህ እሷን እሷን ታይ ነበር። «እማ ብይ እንጂ» ትላታለህ፤ «አንተ ስትድን እበላለሁ» ትልሃለች። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያ ቃል ከጉልበትህ በላይ ሳያምህ አልቀረም።

ከዚያ የነሐሴው የጸሎት ፕሮግራም መጣ። እንግዳው አገልጋይ መድረክ ላይ ሆኖ «እዚህ ቤት ውስጥ ጉልበቱን የታመመ ሰው አለ» አለ። ወይ ጉድ! ከተማዋ ውስጥ ጉልበት ያለህ አንተ ብቻ ይመስል ጉባኤው በሙሉ ዞሮ አንተን አየ። የኳየሩ ልጆች ሳይቀሩ። እማ አጠገብህ ዓይኗን ጨፍና እንባዋ ይወርዳል። ክራንችህን ወንበሩ ላይ አስደግፈህ ተነሳህ። ቆምክ። ከዚያ በወንበሮቹ መሃል ትንሽ ሮጥክ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እኔም እልል አልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ። ቅር አይለኝም፣ አሁንም ያን ቀን ሳስበው ደስ ይለኛል። ጌታ እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ አክስታችን ተጸልዮላት መዳኗን አንተም እኔም በዓይናችን አይተናል።

በሚቀጥለው እሁድ ማይክ ይዘህ መሰከርክ። «ጌታ ፈውሶኛል፤ በመክፈቻው ጨዋታ እሰለፋለሁ» አልክ። አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾህ ኖሮ፣ ገና ምሳ ሳንበላ የክለባችን የንጋት ደጋፊዎች ቴሌግራም ላይ ወጣ። ልብ በል፣ የክለባችን የቅድመ ውድድር ዝግጅት ገና አልተጀመረም፣ ግን የመሐል ተከላካያችን በሃሌሉያ ተመልሷል። ሰዉ ከሥሩ የላከውን የልብና የእሳት ምልክት ልነግርህ አልችልም።

እኛ ቤት ግን ሌላ ነገር ነበር። አባባ ያወጣው ሕግ አለ፤ ማታ ማታ ሶፋው ሥር ተንበርክከን አብረን እንጸልያለን። አባባ ካረፈ በኋላም እማ አላስቀረችውም። ክራንች ላይ እያለህ ወንበር ላይ ሆነህ ትጸልይ ነበር፣ ማንም ምንም አላለህም። ከመሰከርክ በኋላ ግን ሰበብ ታበዛ ጀመር። «ዛሬ ደክሞኛል፣ መኝታዬ ላይ እጸልያለሁ።» «እናንተ ጀምሩ፣ ስልክ ልመልስ።» አሜን ከተባለ በኋላ ትገባለህ። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ማንም የማያይህ መስሎህ የበረንዳውን ደረጃ በጎን በጎን፣ ግድግዳውን ይዘህ፣ ጥርስህን ነክሰህ ስትወርድ በወጥ ቤቱ መስኮት አየሁህ። ወጥቼ ልደግፍህ አልኩና ቀረሁ፤ እንዳላየሁ ብሆን የሚሻል መሰለኝ። በሳምንቱ «ሾኔ ሄጄ ለብቻዬ ልምምድ ልሥራ» አልክ። ቦርሳህን ያዘጋጀሁልህ እኔ ነኝ። መጫወቻ ጫማህን አልወሰድክም።

አሁን ወደ ሻይ ቤቱ ልውሰድህ፤ መናኸሪያው ጎን ያለው፣ የምታውቀው። ባለፈው ሐሙስ የደጋፊ ማህበሩ ተሰብስቦ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ሰዉ በዚያ ላይ ይጮሃል፤ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ከእነሱ ይሻላሉ። ጉዳዩ እንዲህ ነው፦ ክለቡ ማስፈረም የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። አጥቂ ይሁን ተከላካይ? የምዝገባው ቀን እየደረሰ ነው። የማህበራችን ሊቀመንበር ጋሽ ተገኘ የደጋፊውን ሐሳብ ይዘው ሰኞ ከክለቡ ሰዎች ጋር ይቀመጣሉ። አሰልጣኙም በኋላ «ደጋፊው ነው ያሳሳተኝ» ለማለት ይሁን እንጃ፣ በደንብ ነው የሚሰማን።

ፈትሁዲንን ታውቀዋለህ፣ ባለ መለዋወጫ ሱቁ። ጠረጴዛውን እየደበደበ «አጥቂ!» ይላል። «ባለፈው ዓመት ዜሮ ለዜሮ፣ ዜሮ ለዜሮ! ጎል ጠፍቶብናል፣ አፋልጉን ብለን በማይክራፎን እናስነግር?»

እንድርያስ ደግሞ፣ ያ የአንጋጫው ነርስ፣ እንደ ልማዱ ረጋ ብሎ፣ «የኋላ ሰው የለንም» አለ። «የሙሉአለም የታፋ ጡንቻ እንደገና ተሸማቅቋል። ሆሴዕ ደግሞ ገና ነው።»

«ሆሴዕ ድኗል!» አለው ጠረጴዛው በሙሉ።

«ሐኪሙ እስከ ጥር ነው ያለው።»

«ሐኪሙ የራሱን ብሏል፣ ጌታ ደግሞ የራሱን አድርጓል! ተመስክሮ የለም እንዴ? እናንተ ካቶሊኮች እኮ…»

«እኛም እንጸልያለን» አለ እንድርያስ እየሳቀ። «ከጸለይን በኋላ ግን ቁስሉን ፈትተን እናየዋለን።»

ሰዉ ሳቀ፤ ጫጫታው ቀጠለ። እኔም ሳቅሁ። ግን ቆይቼ ልብ አልኩ። ለካ ስለ ጉልበት ስናወራ ከፈትሁዲን መደርደሪያ ላይ እንደሚወርድ ዕቃ ነው የምናወራው! ይሄ ይሠራል፣ ያ አልቋል፣ ይሄን በዚያ ቀይሩት። እኔ ራሴ ስንቱን ልጅ እንዲያ ብዬ አውርቼበታለሁ። የሙሉአለም ታፋ ሲነሳ «በቃ ይሽጡት» ያልኩት እኔ ነኝ። የሙሉአለም እህት አጠገቤ ተቀምጣ ብትሆን ምን ትለኝ ነበር?

ከዚያ ፈትሁዲን እጁን አነሳ። «ስሙኝ» አለ። «እኔ በሃይማኖታችሁ አልገባም፣ ስለ ምስክርነትም አላውቅም። የማውቀው ልጁን ነው። ከታዳጊ ቡድን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዳኛ ሳያይለት ኳሷ በኔ ወጥታለች ብሎ እጁን የሚያወጣ ልጅ ነው። ሆሴዕ ድኛለሁ ካለ ድኗል። በቃ፣ አጥቂ ይምጣ!»

ይህን ሲል የት ልግባ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢለው ኖሮ እችለው ነበር። ፈትሁዲን ግን ያመነው እልልታውን አይደለም፣ አንተን ነው።

ጋሽ ተገኘ ወደኔ ዞሩ። «ሐዳሳ ልጄ፣ እህቱ ነሽ፣ አንድ ቤት ነው የምትኖሩት። እስኪ አንቺ ንገሪን፤ ልጁ እንዴት ነው?»

ሆሴዕ፣ አፈኛዋ እህትህ አፏ ተሳሰረ። ድኗል ብላቸው አጥቂ ያመጡና በዚያ ጉልበት የመክፈቻው ጨዋታ ላይ አስገብተው ያስጨርሱሃል። አልዳነም ብላቸው ደግሞ፣ ወንድሜ በጌታ ቤት ማይክ ይዞ ዋሸ ማለቴ ነው። ከእንድርያስ በቀር ሁሉም በጉጉት ያየኛል፤ እሱ ግን ብርጭቆውን ነው የሚያየው። እንዳወቀ አወቅኩ።

«እማን ጠይቄ ልንገራችሁ» አልኩ።

ሳቁብኝ። «እማ የቡድን ሐኪም ሆነች እንዴ?» አለ ፈትሁዲን። ዣንጥላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እማ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የባቄላ እሸት ትፈለፍላለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና እኔም መፈልፈል ጀመርኩ። ያን ሁሉ ጭቃ እየረገጥኩ ስመጣ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ብን ብሎ ጠፋ።

«እማ፣ የሆሴዕ ጉልበት…»

«አልዳነም» አለች። ቀና እንኳን አላለችም።

ደነገጥኩ። «መቼ አወቅሽ?»

«የመሰከረ ቀን። ከመድረክ ሲወርድ ሱሪውን ጨምድዶ ይዞት ነበር። ሕፃን ሆኖም መርፌ ሲወጋ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው፤ አያለቅስም፣ ሱሪውን ነው የሚጨመድደው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

እማ ቁም ነገር ስትናገር አማርኛዋን ትታ ወደ ሀዲይሳ እንደምትገባ ታውቃለህ። እንዲያ ነው የነገረችኝ፤ እኔ እንደሚሆንልኝ በአማርኛ ልጻፍልህ። «ልጄ ያን ያደረገው ለኔ ነው» አለች። «ሳልበላ ስውል ያየኝ ነበር። እናቴ እህል ትቅመስ ብሎ ነው የተነሳው። እኔ ደግሞ ልጄ ይህን ያህል ለኔ ሲል የሰጠኝን መልሼ ፊቱ ላይ ልወረውርበት? ደስ ያላት እናት ሆንኩለት። በላሁለት። እሱ ደስ ካላት ብሎ ዝም፣ እኔ እንዳላሳፍረው ብዬ ዝም። ይኸው ሁለታችንም ዝም ብለን ልጁን ሾኔ አደረስነው።»

ማልቀስ ጀመርኩ። እማ አላለቀሰችም፤ እሷን ታውቃታለህ። ባቄላውን ጎን አድርጋ እጇን በነጠላዋ ጠረገችና ምን አለች መሰለህ? «እኔ ጌታን ልጄን ፈውስልኝ ብዬ ነው የለመንኩት። በመክፈቻው ጨዋታ አሰልፍልኝ ብዬ አላውቅም።»

ከልቅሶዬ መሃል ሳቅ አመለጠኝ። እሷም ትንሽ ሳቀች። ከዚያ «እሁድ እናገራለሁ» አለች።

«እማ በሞቴ! ሰዉ ምን ይላል? ሆሴዕን ውሸታም ሊሉት ነው!»

«አንቺ ዛሬ ሻይ ቤት ምን አልሻቸው?»

«ምንም አላልኩም።»

«እንግዲያው እኔ እናገራለሁ» ብላ ወደ ባቄላዋ ተመለሰች።

እሁድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እማ ተነሳች። ይህቺ እማ፣ ፎቶ ሲነሱ እንኳን ከሰው ጀርባ የምትሸሸግ። ማይኩን እንደ ጭልፋ ይዛ ቆመች። የኳየሩ አንዱ ልጅ ቀና አድርጎ ቢያስይዛት መልሳ አዘቀዘቀችው። ምን ታመሰግን ይሆን ብሎ ሰዉ ገና ካሁኑ «ሃሌሉያ» ይላል። ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ጆሮዬ ውስጥ የለም።

«የልጄ የሆሴዕ ጉልበት አልዳነም» አለች። ሃሌሉያው ቀጥ አለ። «ያን ቀን ተነስቶ የሮጠው በጌታ ሊቀልድ አይደለም። እናቱ ስትጾም ማየት አቅቶት ነው። እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ፤ ጥፋት ካለ ከኔም ነው። ጌታን የምከስበት ነገር የለኝም። የተነሳሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ድኗል ብላችሁ ስለ ልጄ መጸለይ አቁማችሁ ይሆናል። እባካችሁ ቀጥሉ። ገና አልጨረስንም።»

ማይኩን አስቀምጣ ወደ ቦታዋ ሄደች። የጫማዋ ድምፅ ይሰማ ነበር። ከበሮ የሚመታው ልጅ ከበሮውን አቀፈው። ከዚያ ጋሽ ተገኘ፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ናቸውና፣ ከፊት ወንበር ተነሱና «አሜን» አሉ። ደግመው፣ «አሜን፣ እንቀጥላለን» አሉ። ከዚያ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው። እልልታ አልነበረም። ሰዉ በየወንበሩ ቀስ ብሎ መጸለይ ጀመረ፤ ስምህን ከዚህም ከዚያም ሰማሁት።

ሁሉም ደስ አለው ብዬ አልሸነግልህም። በር ላይ «ቤተ ክርስቲያኒቱን አሳፈረቻት» ያለች ሴት ሰምቻለሁ፤ ማን እንደሆነች አልነግርህም፣ አንተ ቂም ባትይዝም እኔ እይዛለሁ። ቴሌግራሙ ላይ ደግሞ የማይረባ ነገር የጻፉ አሉ። አሁን ስልክህን ክፈት ብዬ የማልጨቀጭቅህ ለዚያ ነው። ግን አንድ ሰው ሲጽፍ ሌላው ያስቆመዋል፤ ከሁሉ በላይ የሚያስቆመው ማን እንደሆነ ብትገምት አታገኘውም። ሙሉአለም ነው። ከነታፋው ቤት ተኝቶ ሥራው ይኸው ሆኗል።

ሰኞ ጋሽ ተገኘ እውነቱን ይዘው ክለቡ ጋ ተቀመጡ። ውጤቱን ከኔ ስማ። ክለቡ አጥቂውን ትቶ ኤሊያስ የሚባል የጊምቢቹ ልጅ አስፈረመ፣ ተከላካይ ነው። ውልህ እንዳለ ነው። ለመጀመሪያው ዙር ግን ስምህ አልተመዘገበም። አሰልጣኙ «ለሁለተኛው ዙር እናየዋለን፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ» ብሏል፤ እናየዋለን ነው ያለው፣ እወስደዋለሁ አላለም። ሆድ እንደሚብስህ አውቃለሁ። እኔንም ባሰኝ። ኤሊያስን ልምምድ ላይ አይቼዋለሁ፤ ቁመቱ ያስቀናል፣ አፉን ከፍቶ ነው የሚከላከለው፣ ኳስ ያንተን ያህል አያነብም። ይህን ስል እህትህ ሆኜ ነው ወይስ ደጋፊ ሆኜ፣ እንጃ።

እንድርያስ «ብያችሁ ነበር» አላለም። ቤት መጥቶ የጉልበት ማጠናከሪያ እንቅስቃሴዎቹን ለእማ አሳያት፤ እማ እሱን እያየች ሳሎኑ ውስጥ እግሯን ታነሳለች፣ ብታይ በሳቅ ትሞት ነበር። ፈትሁዲን ደግሞ ሙዝ ተሸክሞ መጣ። እኔ ፊቱን ማየት አፍሬ ወጥ ቤት ገባሁ፤ እሱ ግን ከሳሎን ሆኖ ጮኸልኝ፦ «ሐዳሳ! ለዚያ ልጅ ንገሪው፣ አጥቂዬን በልቶብኛል! ጥር ላይ ራሱ መጥቶ በጭንቅላት ካላገባ አልምረውም!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እማን «እናቱ፣ እንኳን እውነቱን ነገሩን» ሲላት ሰማሁት። ወልደሰንበትን «ፎቶውን ልታነሳው ነው?» ብለው «ለምን ብዬ? የለጠፍኩት ሰውየውን እንጂ ጉልበቱን አይደለም» አለኝ።

አሁን የመጨረሻዋን ልንገርህና ላብቃ።

የዚያን እሁድ ማታ የጸሎት ሰዓት ሲደርስ እኔ እንደ ሁልጊዜው ሶፋው ሥር ተንበረከክኩ። እማ አልተንበረከከችም። ከምግብ ጠረጴዛው ወንበር ጎትታ መጣችና ተቀመጠች። «ጉልበትሽን አመመሽ?» አልኳት።

«እኔ ምንም አልሆንኩም። ተነሺ፣ አንቺም ወንበር አምጪ። እሱ መንበርከክ እስኪችል ድረስ እዚህ ቤት ተቀምጠን ነው የምንጸልየው።»

«አባባ ቢኖር ምን ይል ነበር?»

«አባትሽ ቢኖር ወንበሩን የሚያመጣው እሱ ነበር።»

ወንበር አመጣሁ። እማ ግን ቆጠር ቆጠር አድርጋ አየችና «አንድ ይቀራል» አለችኝ። ሌላ አመጣሁ። በሁለታችን መሃል አስቀመጠችው፣ የሶፋውንም ትራስ አነጠፈችበት፣ ፊት ለፊቱ እግርህን የምትሰቅልባትን ዱካ አደረገች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እንዲያ ነው የምንጸልየው። እማ ዓይኗን ጨፍና እጇን ባዶው ወንበር ላይ ታደርጋለች። አሜን ስንል ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ልመልሰው እነሳለሁ፤ «ተዪው» ትለኛለች።

ያሆዴ፣ ዘመን መለወጫችን፣ ደርሷል። የከተማው ልጅ ከየአለበት እየገባ ነው፣ መናኸሪያው ከአሁኑ መቆሚያ የለውም። ወልደሰንበት ዓርብ ጠዋት ሲመለስ እግርህን እንድትዘረጋ የጋቢናውን ወንበር ይዞልሃል፤ ለሌላ አይሸጠውም። ክራንችህን ይዘህ ና። ሾኔ ላይ ደብቀኸው ከሆነ ከተደበቀበት አውጣው። የበረንዳውን ደረጃ በጎን በጎን ውጣ፣ ማንም ቢያይህ ግድ የለም። ድነህ ና አላልኩህም። ዝም ብለህ ና። ወንበርህ መሃል ላይ ነው፤ እኔ በቀኝህ ነኝ፣ እማ በግራህ።

በባዶው ወንበር አጠገብ የምትጠብቅህ፣
አፈኛዋ እህትህ
ሐዳሳ